ከአጥሩ ውጭ የቀረው ቤት

ሹመቴን የሰማሁት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ነው። ጅማ አጠገብ ባለው የቡና ምርምር ጣቢያ፣ ችግኝ መደብ መሃል ተንበርክኬ የታመመ ቅጠል እለቅም ነበር። ከከተማ የመጣው ሾፌር ጫማው እንዳይቆሽሽ ከዳር ቆሞ ተጣራ።

«ጓድ፣ ቢሮ ይፈለጋሉ! አሁኑኑ ተብሏል!»

በዚያ ዘመን «አሁኑኑ ይፈለጋሉ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን ምን አወራብኝ ብሎ ነው። እኔም እጄን በቀሚሴ ጠርጌ መኪናው ውስጥ ስገባ ለእናቴ ማን ይነግርልኛል እያልኩ ነበር። ቢሮ ስደርስ ግን ሰዎቹ ከተቀመጡበት ተነስተው አጨበጨቡልኝ። የክፍለ ሀገሩ የእርሻ ኃላፊ ተደርጌ ተሹሜአለሁ። በዚያ ወንበር ላይ ከእኔ በፊት ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ጭብጨባው ሲያልቅ ከጫማዬ የረገፈው ጭቃ ምንጣፉ ላይ ቀርቶ ነበርና አንዱ በዓይኑ እያሳየ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ስለ ወንበሩ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ጫካው ልናገር። ወንበሩን የሰጠኝ ጫካው ነው።

አባቴ ከሸዋ በስልክ ኦፕሬተርነት ተመድቦ ጅማ የገባ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ጅማ፣ መንደራ ሰፈር ነው። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ እስላሞች፣ ነጋዴዎችና ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ ኦሮምኛውን ከልጆቻቸው ጋር ስሯሯጥ ለመድኩት። እናቴ በአማርኛ ስትቆጣኝ በኦሮምኛ እመልስላት ነበር ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዕፅዋት ላጠና ስወስን አባቴ ለወዳጆቹ «ሐኪም ትሆናለች ስል አትክልተኛ ሆና አረፈችው» ብሎ ቀለደ። ቀልድ ይምሰል እንጂ ቅሬታው እስኪሞት አልለቀቀውም።

ተመርቄ ጣቢያው ስመደብ አብዮቱ ገና ትኩስ ነው፤ ቡናው ደግሞ ታሟል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጥብ ይጥልበታል። ነጥቡ ይሰፋና በሳምንታት ውስጥ ፍሬው ከሰል መስሎ ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። አጋሮ አካባቢ ትልልቅ ሰዎች ማሳቸው ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒት አለ፤ ግን ጫካ ውስጥ ላለ ቡና ማን ዛፍ ለዛፍ እየዞረ ይረጫል? የቀረን ተስፋ በታመመ ጫካ መሃል ሳይታመም የቆመ ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ነበር። ለዚህ ነው በሳምንት አራት ቀን ጫካ ለጫካ የምንከራተተው።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ፣ መኪና ከሚቆምበት የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ገባ ብሎ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ አጠር ያሉ ሰው ነበሩ። ከደጃቸው ላይ ቆመው ስመጣ አዩኝ።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ሰላምታዬን መልሰው «መንግሥት ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም። ተክል ነው የምመረምረው።»

«መሬት ልትለኪ ነው?»

«አይደለም አባባ። ያልታመመ ቡና ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ። «ያልታመመ ሰው በጠፋበት ዘመን ያልታመመ ቡና ትፈልጊያለሽ?» አሉና ቆመጣቸውን አንስተው «ነይ» አሉኝ።

ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጫካ ይዘውኝ ገቡ። ዋንዛና ብርብራ ከላይ ጥላ ሠርተዋል፤ ከሥር ቡናው ጠቁሮ ደርቋል። ትንሽ እንደሄድን ግን ቆሙና በቆመጣቸው ጠቆሙ። ከጠቆሩት መሃል አንዲት ዛፍ ፍሬዋ እንደ አረንጓዴ ጨሌ ያበራል። ከእሷ አለፍ ብሎ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። አሥራ አንድ ዛፍ አሳዩኝ። የእያንዳንዱን ታሪክ ያውቁታል። ይህችን ወፍ ናት የዘራቻት፤ ያቺኛዋ ሥር አባታቸው ይሰግዱ ነበር፤ አንደኛዋ ደግሞ ቅጠሏ ብዙ፣ ፍሬዋ ጥቂት ስለሆነ «አማት» ነው የሚሏት። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። ፍሬ እየለቀምኩ ጣቢያ ወስጄ በሽታውን ሆን ብዬ እረጭበታለሁ፤ ማን እንደሚሸነፍ ማን እንደሚቋቋም ለማየት። ይህን ስነግራቸው «ልጆቼን ልታሳምሚ ነው የምትወስጃቸው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሚስታቸው ሞታለች። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ልጃቸው፣ የእኔ እኩያ፣ አብራቸው ትኖራለች። ዝናብ ሲይዘኝ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን የተቀቀለ ጎደሬ እንበላለን። ሽማግሌው እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቴ በዚያ ቃና ጠርቶኝ አያውቅም።

ከአሥራ አንዱ ሦስቱ በሽታውን ፈጽሞ አሸነፉት። የቀሩት ስምንቱ ገና አልተጠኑም ነበር፤ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ይህን ላበስራቸው ስሄድ ሽማግሌው ብዙም አልተደነቁም፤ የሚያውቁትን ነገር ነው የነገርኳቸው። ሲሸኙኝ ግን መንገድ ላይ ቆሙ።

«እኔ ከእናንተ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። «ይህን ጫካ አባቴም አልቆረጠው፣ እኔም አልቆረጥኩት። አንቺ ቃልሽ ከተማ የሚሰማ ሰው ነሽ። ማንም እንዳይነካው አድርጊልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ።»

«ኢንሻላህ በይ።»

«ኢንሻላህ» አልኩ።

የእነዚያ ሦስት ዛፎች ወሬ ነው ወደ ሹመቱ ያደረሰኝ። ሴት ባለሙያ፣ የጭቁኑን ገበሬ ቡና ያዳነች፣ ተብሎ በየስብሰባው ተነሳሁ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ከላይ ሴት ሹሙ የሚል መመሪያ ወርዶ ነበር። ይህን የነገሩኝ በተሾምኩ በሁለተኛው ቀን ነው፤ እንዳልኮራ ይሆናል። ጣቢያው ውስጥ ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ዕቃዬን ስሰበስብ በሩን ተደግፈው አዩኝ።

«ዛፎችሽን ማን ይጠብቃል?»

«እዚያ ሆኜ የበለጠ እጠብቃቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ከዚያ ቢሮ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉና ሄዱ። ቅናት መሰለኝ።

የፓርቲውን ቅጽ ሞላሁ። ጸሐፊ፣ መኪና፣ ባለ መጋረጃ ቢሮ ተሰጠኝ። እናቴ ጎረቤት ሁሉ ጠርታ ደገሰች። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ይህንን ማንም አይክደኝም። ለጣቢያው መኪና አስመድቤአለሁ፤ አጋሮ ላይ ችግኝ ጣቢያ አስከፍቻለሁ። ግን የምፈለገው ለሥራው ብቻ እንዳልሆነ ቶሎ ገባኝ። እንግዳ ሲመጣ ከፊት አሰልፈው «እነሆ ሴቶቻችን የደረሱበት» ይላሉ። አንድ ትልቅ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው አበባ ጠውልጎ ነበርና አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ጓድ፣ እርስዎ የዕፅዋት ባለሙያ አይደሉ? እስቲ ይህን አበባ ያስተካክሉልን» አለኝ። አዳራሽ ሙሉ ወንድ እያየኝ ተነስቼ አስተካከልኩት። ብድግ ብዬ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ ምክንያቱም ወንበሩን ወድጄው ነበር። ስናገር ሰው ይጽፍ ነበር። ከዚያ በፊት ስናገር የጻፈ ሰው የለም።

ከዚያ የመንደር ምስረታው መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ከየጫካው፣ ከየኮረብታው ተነስቶ በአንድ ቦታ፣ በቀጥታ መስመር በተሠራ መንደር እንዲሰፍር ተወሰነ። ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ይቀርብለታል ተባለ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ለየወረዳው መስፈሪያ ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ነበርኩ። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ካርታ ሲዘረጋ በእርሳስ የተከበበውን ቦታ አወቅሁት። ለጥ ካለ ሜዳ አጠገብ የውኃ ምንጭ አለ፤ ሜዳው ከሽማግሌው ጫካ ጋር ይያያዛል። ጫካው ለመንደሩም፣ ለእንጨቱም ተመርጧል።

ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በቦታው ላይ ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው ተክል የለም» ይላል።

«ጓድ፣ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

«ይህ ቦታ አይሆንም። እዚህ ያሉት የቡና ዛፎች ሌላ ቦታ የሉም።»

«ዘራቸው ጣቢያ ገብቷል ብለው ራስዎ ሪፖርት አላደረጉም?»

«የሦስቱ ነው። የቀሩት አልተጠኑም።»

«በጠቅላላው ስንት ዛፍ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለአሥራ አንድ ዛፍ ብለን የአምስት ገበሬ ማኅበር ሕዝብ ውኃ እንከልክል?»

ቤቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከኪሱ ቀይ እርሳስ አውጥቶ በትሕትና አቀበለኝ። «እርስዎ ባለሙያ ነዎት። መከለል ያለበትን ይከልሉ፤ እናጥረዋለን። የቀረው ይፈረም።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አሥራ አንዱ ዛፎች የቆሙበትን ቦታ በቀይ ከበብኩ። ሌሎቹ እንዳያማርሩ ብዬ መስመሩን ጠበብ አደረግሁት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ከተከለለው ቦታ በስተቀር» የሚል ጨምሬ ፈረምኩ።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ሰው ሁሉ «ተገድጄ ነው» ይላል። እውነትም የተገደደ ብዙ ነበር። እኔን ግን ማንም አላስፈራራኝም። ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠብኝ፣ እናቴን አንስቶ የዛተብኝ ሰው የለም። እርሳስ ነው የሰጡኝ።

ቦታውን ለማየት የሄድኩት በበጋው፣ ማፍረሱ ከተጀመረ በኋላ ነው። መንገዱ ላይ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ ማገር፣ አንዱ ምሰሶ፣ ሴቶቹ የሳር ክዳን በነዶ። ሽማግሌው ደጃፋቸው በነበረው ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣሪያው ወርዷል፤ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለእኔ ተነስተው አያውቁም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጓድ» አሉኝ።

«ምነው አባባ! እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቄዎታለሁ።»

እንደ አባት አንቺ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ‹እርስዎ› ሲሉኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ወሬውን ወደ ዛፎቹ መለስኩት።

«ዛፎቹ አይነኩም፣ አባባ። አስከልያቸዋለሁ።»

«አይቻለሁ። ሰዎቹ ችካሉን ሲተክሉ ቆሜ ሳይ ነበር። በደንብ ነው የለኩት፤ አሥራ አንዱም ውስጥ ናቸው።» ከዚያ ግድግዳውን ዞር ብለው አዩት። «ቤቴ ነው ውጭ የቀረው።»

ከመጨረሻዋ ዛፍ እስከ ቤታቸው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቀዩን መስመር ሠላሳ እርምጃ ሰፋ ባደርገው ኖሮ ማንም ለምን አይለኝም ነበር። አስቤ የተውኩት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ክፉ ሰው ነኝ ብዬ እገላገላለሁ። አላሰብኩትም። ሦስት ዓመት የገባሁበት፣ ጎደሬ የበላሁበት፣ ከዝናብ የተጠለልኩበት ቤት ካርታው ላይ ስጎነበስ ትዝ አላለኝም። ዛፎቹን ብቻ ነበር የማየው።

«አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። «ነገ ተመልሼ መስመሩን አሰፋዋለሁ፤ ጣሪያውን እኔ አሠራልዎታለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጎረቤቱ ሁሉ ቤት ፈርሷል። የእኔ ብቻ ቢቀር ከማን ጋር እሰግዳለሁ? ስሞት ማን ይሸከመኛል?» አሉ። ከዚያም እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ለመንደሩ እስከተቀደደው አዲስ የመኪና መንገድ ድረስ ሸኙኝ። እንዲቀሩ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

አጥሩ አንድ ክረምት ቆየ። መንደሩ ሲሠራ በዙሪያው ያለው ዋንዛና ብርብራ ለምሰሶና ለማገር ተቆረጠ፤ ቀጥሎ ለማገዶ የአጥሩ ችካል ራሱ ተነቀለ። ጥላ የለመደ ቡና በአንዴ ፀሐይ ላይ ሲጋለጥ ቅጠሉ ይቃጠላል። ሦስቱ ጣቢያ ውስጥ ልጆች አሏቸው፤ ተርፈዋል። ስምንቱ አለቁ። ስምንቱ ምን እንደነበራቸው፣ ለየትኛው በሽታ መድኃኒት፣ ምን ዓይነት ጣዕም፣ አሁን የሚያውቅ የለም። ገበሬውም ከቡናው ርቆ ሰፍሮ፣ ለቅሞ ሳይጨርስ ዝንጀሮ ይቀድመው ጀመር። ይህን ሁሉ በሪፖርት ላይ «ጊዜያዊ ችግሮች» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ሽማግሌው በመንደሩ ሁለተኛ ዓመት ሞቱ። ወሬው የደረሰኝ ዘግይቶ ነበርና ለቀብር አልደረስኩም፤ ለቅሶ ሄድኩ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ሰዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስገባ አንዱ ሮጦ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወንበር አመጣና መሃል ላይ አስቀመጠልኝ። ምንጣፉ ላይ ልቀመጥ ብል ሁሉም ተነሱ። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከሁሉም ከፍ ብዬ፣ ጫማዬ ከሰው ፊት ትይዩ ሆኖ። ልጃቸው አልተቆጣችኝም። «አላህ ይስጥልን፣ ከሩቅ መጥተዋል» አለችኝ። ከእሷም ጋር አንቺ ነበር የምንባባለው።

በቀጣዩ ዓመት የሦስቱ ዛፎች ችግኝ ለገበሬው የሚታደልበት በዓል አጋሮ ላይ ተዘጋጀ። ንግግር አድራጊዋ እኔ ነኝ። «እነዚህን ዛፎች ለሳይንስ ያሳዩን፣ ጫካቸውን ሳይቆርጡ ያቆዩ አንድ አዛውንት ናቸው» የሚል አንቀጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ ታይቶ ሲመለስ አንቀጹ ተሰርዟል፤ ከጎኑ «ድሉ የግለሰብ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ተሰርዞም ላነበው እችል ነበር፤ ማይክራፎኑ በእጄ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ። ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ገጹን ገለበጥኩት።

ከዚያ ገበሬው ተሰለፈ። በሰልፉ መሃል የሽማግሌው ልጅ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ የጣት አሻራ ሰጠችና አሥር ችግኝ ተቀበለች። የሚያድለው ወጣት የልማት ሠራተኛ ጉድጓዱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት፣ ጥላ እንደሚያስፈልገው ያስረዳታል። እሷ የአንዱን ችግኝ ለጋ ቅጠል በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ እንደ አባቷ ዛፎች ቀላ ያለ ነው። ቅርብ ስለነበርኩ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ይህ ከየት የመጣ ነው?» አለችው።

«ከምርምር ጣቢያ ነዋ። ሳይንስ ነው፣ እናቴ!» አላት።

ቀና ብላ ወደ መድረኩ አየች፤ አየችኝ። ወርጄ «የአባትሽ ነው» ማለት የምችልበት ሰዓት ያ ነበር። ከግራና ከቀኜ የተቀመጡትን አሰብኩ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችኝና ችግኞቿን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሄደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ሥርዓቱ ሊወድቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ የፈለገ ወደ ቦታው ይመለስ ሲባል፣ መንደሩ በሳምንት ውስጥ እንደፈረሰ ሰማሁ። የት እንደሠፈረች ግን አልጠየቅሁም። የሚነግረኝ ሰው ዓይን ያስፈራኛል።

እኔም በዚያው ሰሞን ወደ ጣቢያው መልሱኝ ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፦ የቅርብ ዓመታት የሥራ ልምድዎ አስተዳደር ስለሆነ በተመራማሪነት መደብ ሊመደቡ አይችሉም። የቢሮውን መኪና ይዤ አንድ ቀን እንዲያው ለማየት ሄድኩ። የእኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ እግር ተመራማሪ ተቀምጧል። ማንነቴን ያውቃል፤ በአክብሮት ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከጫካ ያመጣውን፣ በጋዜጣ መሃል የደረቀ ቅርንጫፍ ገልጦ «ይህቺን ስሟን አጣሁት፣ እርስዎ ያውቋታል» አለኝ።

አውቃታለሁ። የት እንደምትበቅል፣ ቅጠሏ ሲታሽ ምን እንደሚሸት፣ በየትኛው ወር እንደምታብብ አውቃለሁ። ስሟ ግን አልመጣልኝም። ልጁ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ተሳስቼ እንዳላሳስትህ፤ መጽሐፍ ላይ እየው» አልኩትና ወጣሁ።